ከአባቷ ስም በታች ያለው ረድፍ

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከዋሸሁ የምሠራበት የበረዶ ፋብሪካ ጣሪያው ላዬ ላይ ይናድ፤ ከነላስቲክ ቦት ጫማዬ በረዶ ውስጥ ልቅር። ቶልሜ ወደብ ወርዳችሁ «ብዮን ቹንሳም የሚባል ሰው ታውቃላችሁ?» ብትሉ፣ «ያ ቀጣፊ!» እንደሚሏችሁ አልክድም። ሲጋራ የሚያጨስ ኦክቶፐስ አሳድጌ ነበር ብዬ ስንቱን አሳምኛለሁ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ሲጋራ ገዝቶ አምጥቶልኛል። ይሄኛው ግን እንደ ኦክቶፐሱ አይደለም። ይሄኛውን ማውራት ስጀምር ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል፤ በረዶ ሳልነካ።

በዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን አዳራሽ፣ ሚስቶችና እናቶች ባሕር የወጣ ሰው ከሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። እዚያ ላይ የሚታየው የዳሂ ሰንጠረዥ ነው። ዳሂ የካፒቴን ታክ ማንሰክ አንድዬ ልጅ ናት። ካፒቴኑ የወደባችን ትልቁ መርከብ የ«ማንፑንግ» ባለቤት ነው፤ ልጁን ከተማ ልኮ አስተማራት፣ ስትመለስ የማኅበሩን ቢሮ ተረከበች።

ሰንጠረዡ ላይ ባሕር የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ረድፍ አለው። ጀልባው ላይ የተገጠመች ትንሽ ሳጥን «አለሁ» የምትል ምልክት በየጊዜው ትልካለች፤ ምልክቷ የመጣችበት ሰዓትም ከስሙ ጎን በራሱ ይገባል። እኛ ግን ያንን ሰዓት አናየውም። የሴቶቹ አፍ የሆነችው እማማ ፒልሱን «ዓይናችን ደክሟል ልጄ፣ ስሙን ብቻ ትልቅ አድርገሽ አሳዪን» ስላለች፣ ዳሂ ሌላውን ዓምድ ሁሉ ደብቃ ስም ብቻ አስቀርታለች። የቀረውን የሚናገረው ቀለም ነው። ሰው ሲመለስ ዳሂ ከስሙ ጎን ክብ ታስገባለታለች፣ ረድፉ አረንጓዴ ይሆናል። ባሕር ላይ ያለና ምልክቱ ያልተቋረጠ ሰው ነጭ ነው። ምልክቱ የጠፋ ሰው ግን ስሙ ይቀላል። ፊደሉ ራሱ።

ከተማ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል። የሕያው ሰው ስም በቀይ አይጻፍም። በቀይ የሚጻፈው የሞተ ሰው ስም ነው፤ ይሄን እኛ አገር ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል።

አንድ ቀን ታዲያ የእማማ ፒልሱን ባል ስም ድንገት ቀልቶ ቁጭ አለ። ሰውየው በዚያ ሰዓት ማዶ ካለው ምግብ ቤት የራምዮን ሾርባውን እየማገ ነበር፤ ሳጥኑ ባትሪ ጨርሳ፣ ዳሂም ክቡን ሳታስገባ ቀርታ ነው። እማማ ፒልሱን ጫማዋን አውልቃ ተነሣች።

«ባሌን በቁሙ ልትቀብሪልኝ ነው?»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም እኮ፤ ኮምፒውተሩ ነው ያቀላው።»

«ኮምፒውተሩ ባል አለው? የለውም! ባል ቢኖረው አያቀላም ነበር!»

«እሺ፣ እቀይረዋለሁ። አሁኑኑ እቀይረዋለሁ እማማ፣ ጫማውን ያውርዱት።»

እኔ በረዶ አድርሼ እጄን ምድጃው ላይ እያሞቅሁ ነበር። ዳሂ ስትቀመጥ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ቀዩን ፊደል አጠፋችና የረድፉን ጀርባ ብርቱካናማ ልታደርገው ሕጉን እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች።

«ይሄ ነገር ማን እንደጠፋ በምን ያውቃል?» አልኳት።

«በቀመር ነው ጋሼ ቹንሳም። መጀመሪያ ረድፎቹን በሙሉ እመርጣለሁ። ከዚያ ለመጀመሪያው ረድፍ ብቻ እነግረዋለሁ፤ ምልክቱ ሁለት ሰዓት ካለፈው፣ የመመለሻው ቦታም ባዶ ከሆነ፣ ቀለም ቀባ እለዋለሁ። የታችኞቹ የመጀመሪያውን አይተው እያንዳንዳቸው ስለራሳቸው ይጠይቃሉ።»

«ይሄ የዶላር ምልክትስ? እኛ የምንገበያየው በዎን አይደል እንዴ፣ የአሜሪካ ብር እዚህ ምን ይሠራል?»

ሳቀች። «እሱ መልሕቅ ነው። ዓምዱ ወዲያ ወዲህ እንዳይንሳፈፍ ይይዘዋል። ረድፉን ግን አላስረውም፤ እሱ ከጀልባ ወደ ጀልባ እየወረደ መሄድ አለበት።»

«የመጀመሪያው ላይ ከተሳሳትሽስ?»

«ሁሉም ይሳሳታላ።»

ይሄን ብላ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተና ኩክ ኢንሆ ገባ።

ኢንሆ ኦክቶፐስ አጥማጅ ነው። «ሶራ» የምትባለው አንድ ሰው ብቻ የምትይዘው ጀልባው ከእናቱ የወረሳት ናት፤ እናቱ ከጄጁ ደሴት የመጣች ጠላቂ ነበረች፣ እዚሁ ሞታ እዚሁ ተቀበረች። ሌላ ዘመድ የለውም። በጨረቃው አዲስ ዓመት፣ ወጣቶች ትልልቆቹን ዞረው እጅ በሚነሡበት ዕለት፣ የተዋሰውን ሱፍ ለብሶ ካፒቴኑ ቤት ሄደ። ወለሉ ላይ ተደፍቶ እጅ ሲነሣ ካፒቴኑ ዞሮ ግድግዳውን አየ። ጀርባውን ሰጠው። ለግድግዳው እንደሚያወራ ሰውም፣ «ያንተ ጀልባ የምትይዘው አንድ ሰው ነው። ልጄን የት ልታስቀምጣት ነው?» አለ። ሱፉን ያዋስኩት እኔ ነበርኩ፤ ሲመልስልኝ ጉልበቱ አካባቢ የወለሉ አቧራ ገና አልረገፈም ነበር።

ዳሂ ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ግን ስሞቹን እንደገና ደረደረች። የኢንሆን ስም ከአባቷ ስም ሥር አገባችው። ወሬኛ በሞላበት አዳራሽ አንዲት ልጅ የአባቷን ስም ደጋግማ ብታይ ማን ምን ይላታል? ዓይኗ አንድ ረድፍ ዝቅ ማለቱንስ ማን ይለካል? እኔ ለካሁ። ቀጣፊ ስለሆንኩ የሌላው ሰው ማስመሰል አያመልጠኝም።

«ክብደት ላስመዝን ነው የመጣሁት» አለ ኢንሆ፣ ባልዲውን ከፍ አድርጎ።

«ሚዛኑ እኮ ውጪ ነው አንተ ሰው» አልኩት።

«አዎ… ውጪ ነው» አለና አልወጣም።

ዳሂ ቀና አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሁለቱ ሰዎች ሲተያዩ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ለሁለት ብቻ የሚበቃ ይመስላል፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ጣቷ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ነው፣ ዓይኗ ግን እሱ ላይ ነው። ጣቷ ዝም ብሎ ጻፈ። ሁለት መሆን የነበረበት የረድፍ ቁጥር ሦስት ሆነ። እሷም አላየችውም፣ እኔም አላየሁትም።

ኢንሆ ሲወጣ የታጠፈች ወረቀት ከኪቦርዱ ሥር አንሸራተተ። እኔ ምድጃውን አየሁ። ሳላይ ግን አየሁ፤ አነበበችው፣ መልሳ አጠፈችው፣ ሸሚዟ ውስጥ ከተተችው፤ ፊቷም የፈራ ሰው ፊት ሆነ። ደስ ያለው ሰው ለምን እንደሚፈራ ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ለጥ ብሎ ነበር። ሁሉም ወጡ። ከምሳ በፊት ነፋሱ ዞረ፤ በረዶ የተቀላቀለበት ሆኖ ከሰሜን መጣ። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ሲገቡ ስክሪኑ አረንጓዴ እየሆነ ሄደ፤ ሴቶቹም አንድ በአንድ ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ። ነጭ የቀሩት ጥቂት ስሞች ነበሩ።

ከዚያ የካፒቴን ታክ ማንሰክ ረድፍ ብርቱካናማ ሆነ።

ድምፅ የለውም እኮ፣ ቀለም ድምፅ የለውም። ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንደሰማ ዞረ። ዳሂ ከቢሮዋ በመስታወቱ አየችው። ሬዲዮኑን አነሣች።

«ማንፑንግ፣ ማንፑንግ፣ ቶልሜ ነው የሚጠራው። አባዬ? ይሰማል?»

ሽሽሽ… ሌላ ምንም የለም።

«ማንፑንግ፣ መልስ ስጥ። አባዬ፣ እባክህ።»

ሽሽሽ…

የጠረፍ ጠባቂዎቹ ሌላ ቦታ የተገለበጠ ጭነት መርከብ ላይ ናቸው፤ «ወደ ማታ ነው የምንደርሰው» አሉ። ስለዚህ የገቡት ትልልቆቹ ጀልባዎች ገመዳቸውን እንደገና ፈቱ። ካፒቴኑ ሁሌ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ፣ ከደሴቱ ጀርባ ነው። ዳሂ «ወደ ምሥራቅ!» ብላ ጮኸች፤ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ወጡ። ትናንት ጫማ ያነሣችባት እማማ ፒልሱን እጇን ያዘቻት።

«አባትሽ እኮ የብረት ሰው ነው ልጄ። ባሕሩ ቢውጠው ሆዱን ያመዋል።»

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ።

ዳሂ ስክሪኑን አየች። ዓይኗ ከአባቷ ስም አንድ ረድፍ ሲወርድ አየሁ። ነጭ ነው። የኢንሆ ረድፍ ነጭ ነው። ትንፋሽ ወጣላት። ወዲያው ደግሞ በዚያች ትንፋሽ አፈረች፤ አባቷ እየጠፋ እሷ ስለሌላ ሰው ተንፍሳለችና። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ነፋሱ መስኮቱን ባይመታው ኖሮ ሁላችንም የሞትን ይመስለኝ ነበር።

በሩ በኃይል ተበረገደ።

«ምንድን ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

ካፒቴኑ ነው። ጺሙ ላይ በረዶ ረግቷል፣ ከካፖርቱ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

እማማ ፒልሱን መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ ሄዳ ደረቱን መታችው፣ ከዚያ አለቀሰች። «አንተ አሮጌ! ሬዲዮኑን ለምን አታነሣም?»

«ነፋሱ አንቴናውን ገነጠለው፣ በምን ላንሣ? ደሴቱ ጀርባ የሚሆን ስላልመሰለኝ ቶሎ ነው የተመለስኩት። ሰዉ ሁሉ ወዴት ነው እየከነፈ የወጣው?»

«አንተን ፍለጋ!»

ዳሂ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ካፒቴኑ ሰው ፊት መታቀፍ አይወድም፤ እጁን የሚያስቀምጥበት አጥቶ እንደ ቋሚ እንጨት ቆመ። ሁላችንም ሳቅን፣ እሷም እየሳቀች እንባዋን እየጠረገች ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ከአባቷ ስም ጎን ክቡን አስገባች።

ረድፉ አረንጓዴ አልሆነም።

እንደገና አስገባች። ብርቱካናማ ነው። ሰውየው ከነነፍሱ ፊታችን ቆሞ፣ ስክሪኑ ጠፍቷል ይላል።

«ካፒቴን፣ ኮምፒውተሩ አላመነህም» አልኩ። «እስኪ እጅህን ልንካው፣ ሰው መሆንህ ይጣራ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳሂ ግን ሳቋን ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ደም ከፊቷ ሲሸሽ አየሁ፤ ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ታች፣ ልክ መጋረጃ እንደሚወርድ። ያ ብርቱካናማ የአባቷ ካልሆነ፣ የሌላ ሰው ነዋ።

ሕጉን ከፈተች። የተመረጠው ረድፍ የሚጀምረው ከሁለት ነው፤ አንደኛው ርዕስ ነውና። ቀመሩ ውስጥ ግን ሦስት ተጽፏል። እያንዳንዱ ረድፍ ስለራሱ ሲጠይቅ አልነበረም፤ ስለ ጎረቤቱ ነበር የሚጠይቀው፣ ከሥሩ ስላለው ሰው። የተደበቀውን ዓምድ ገለጠችው። ከአባቷ ስም ጎን ያለው ሰዓት ገና ትኩስ ነው። ከሥሩ፣ ከኩክ ኢንሆ ስም ጎን ያለው ሰዓት የጠዋቱ ነው።

«እሱ ነው» አለች። «አባዬ፣ እሱ ነው የጠፋው። ሁሉንም ወደ ምሥራቅ ላክኋቸው፣ እሱ ግን ምዕራብ ነው ያለው። ጥርሶቹ ጋ ነው።»

ጥርሶቹ የምንላቸው ከውሃው ጫፋቸው ብቻ ብቅ የሚሉ ድንጋዮች ናቸው። ስማቸው ሲጠራ አንዷ ሴት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ካፒቴኑ ቀስ ብሎ ዞረ። «ጥርሶቹ ጋ መሆኑን አንቺ በምን አወቅሽ?»

በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከሸሚዟ ውስጥ ወረቀቷን አወጣች። ዘረጋችው። እያለቀሰች አነበበች ብላችሁ ብታስቡ ተሳስታችኋል፤ እንባዋ በፍርሃት ደርቆ ነበር።

«‹ነገ ወደ ጥርሶቹ ነው የምሄደው። ስመለስ አባትሽ ዘንድ እመጣለሁ። ጀርባውን ቢሰጠኝ፣ ለጀርባው እጅ እነሣለሁ።›»

«አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «እሱን እያየሁ ነው የተሳሳትኩት። እድሜ ልኬን ጀርባህን ስጠኝ፣ እችለዋለሁ። ቤት አትግቢ በለኝ፣ አልገባም። ግን ወደቡ ላይ የቀረው መርከብ ያንተ ብቻ ነው። ሌሎቹ እስኪመለሱ እሱ አይቆይም። አባዬ… እኔ ገድዬው እንዳልኖር።»

ካፒቴኑ ወረቀቱን አላየም፣ እሷንም አላየም። ያወለቀውን እርጥብ ካፖርት ከወንበሩ ላይ አነሣ፣ ለበሰው፣ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

የት እንደሄደ የሚያውቅ አልነበረም። ቤቱም በዚያው በር ነው የሚኬደው። ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን ቆምን። ነፋስ። ነፋስ። እንደገና ነፋስ። ዳሂ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ከዚያ ከታች የማንፑንግ ሞተር ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማነው፤ እሷም የተሰቀለች ልብስ ከሚስማሩ ሲወልቅ እንደሚወድቀው ወንበሩ ላይ ወደቀች።

መጠበቅ ነው ከሁሉ የከፋው። ዳሂ ሦስቱን ሁለት አደረገችው። የአባቷን ክብ አጠፋች፤ ረድፉ ነጭ ሆነ። ከሥሩ ያለው ረድፍ፣ ያ ነጭ ሆኖ ስታየው ትንፋሽ የወጣላት ረድፍ፣ በዓይናችን ፊት ብርቱካናማ ሆነ። እሷ ራሷ ናት እውነቱን ያበራችው፤ ስታበራው ግን እንደ ነከሳት እጇን ከቁልፉ መለሰች።

ከዚያ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«አንድ ሕግ እየጨመርኩ ነው።»

«የምን ሕግ?»

«የእኔ።»

ማንፑንግ ሬዲዮ የለውም። ያለው ሳጥኗ ብቻ ናት። ትኩስ ምልክት በመጣ ቁጥር ካፒቴኑ መኖሩን እናውቃለን፤ ኢንሆን ያግኘው አያግኘው ግን ምልክቷ አትናገርም። የኢንሆ ሳጥን ውሃ ከገባባት ደግሞ ሰውየው በሕይወት ቢመጣም ረድፉ ብርቱካናማ እንደሆነ ይቆያል፤ አንድ ሰው በእጁ ክቡን እስኪያስገባለት ድረስ። ሴቶቹ ወሬ አቆሙ። እማማ ፒልሱን ያመጣችው ሾርባ ማንም ሳይቀምሰው ቆዳ አወጣ።

«መርከብ!» አለች አንዷ ከመስኮቱ።

ማንፑንግ ከወደቡ ግንብ ጥግ ብቅ እያለ ነው። በበረዶው ውስጥ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ዳሂ ግን አልተነሣችም።

«ጋሼ ቹንሳም፣ አንተ ሂድና እይልኝ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ማንን ነው የምትልኪው?» አለች እማማ ፒልሱን። «ኦክቶፐስ ሲጋራ አጨሰ የሚለውን?»

«እሱ ይሂድ» አለች ዳሂ።

ሮጥኩ። የመርከብ ማሰሪያው ጋ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ገመድ ነው፤ ከማንፑንግ ጀርባ ተወጥሮ ይመጣል። በገመዱ ጫፍ «ሶራ» ናት። በጎኗ ተኝታ፣ ውሃ ጠግባ፣ ባዶዋን። ጀልባዋ ውስጥ ሰው የለም። ይሄን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? በሕይወቴ ሙሉ ውሸት ሲቸግረኝ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ውሸት እንኳ አጣሁ። ማንፑንግ ቀረበ። ካፒቴኑ ካቢናው ውስጥ መሪውን ይዟል። ከእግሩ ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ። አይንቀሳቀስም። ካፒቴኑ በቦቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

ብርድ ልብሱ አስነጠሰ።

እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። አዳራሹ በር ላይ ስቆም ትንፋሼ አልቆ አፌ ይከፈታል፣ ድምፅ አይወጣም። ሴቶቹ ፊቴን አይተው የክፉ መሰላቸው፤ ልቅሶ ሊጀምሩ ነው።

«በአፍህ አትንገረኝ!» አለች ዳሂ። እጇን እንደ ግድግዳ ዘርግታብኛለች። «አንተን በአፍህ ማመን አልችልም። መጥተህ ቁልፉን ተጫን። ከተመለሰ ክቡን አስገባ። ካልተመለሰ… ባዶውን ተወው። ግን ጋሼ ቹንሳም፣ እዚህ ላይ ከዋሸኸኝ እሞታለሁ።»

እኔ በዕድሜዬ ቁልፍ ነክቼ አላውቅም። ጣቴ ከበረዶ ሥራ ብዛት እንደ ጉቶ ነው፤ አንዱን ቁልፍ ስነካ ሦስቱ ይጮኻሉ። እሷ የኢንሆን ስም አሳየችኝና ፊቷን አዞረች። ማየት አልቻለችም። አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይዟል። እውነት ይዤ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ ውሸቴ ሁሉ ከኋላዬ ተሰልፎ ያየኛል።

ክቡን ተጫንኩ።

ረድፉ አረንጓዴ አልሆነም። ከዚያ ግን… ሮዝ ሆነ። በጸደይ ከወደባችን በላይ ያለውን ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያለብሰው የዱር አበባ ቀለም። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሃል አንድ ረድፍ ብቻ።

«ይሄ ደግሞ ምን ቀለም ነው?» አለች አንዷ። «ሌላው ሁሉ ሲመለስ አረንጓዴ አይደል የሚሆነው?»

እማማ ፒልሱን ስክሪኑን አየች፣ ዳሂን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች። «ውይ! አንቺ ልጅ!» አለችና አፏን በመቀነቷ ጫፍ ያዘች። ዳሂ ዞራ ቀለሙን ስታይ እንባዋ ገና ያኔ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ የት ተደብቆ እንደነበር እንጃ።

ካፒቴኑ ገባ። ከኋላው ኢንሆ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ብርድ ልብሱን እየጎተተ። ካፒቴኑ አዳራሹ መሃል ሲደርስ ስክሪኑን አየና ቆመ። ከራሱ ስም ሥር ያለውን ሮዝ ረድፍ አየ። አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ወደ ስክሪኑ፣ ጀርባው ወደ ኢንሆ።

ኢንሆ ያንን ጀርባ አየው። ብርድ ልብሱን ጣለ፣ በእርጥብ ልብሱ ተንበርክኮ ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ተደፋ። እንዳለው ለጀርባው እጅ ነሣ። ዳሂ ከመስታወቱ ወዲያ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ባሕሩ መለሰላት፤ አሁን ደግሞ የቀረው ይሄ ጀርባ ነው። ከባሕሩ ይልቅ ይሄ ጀርባ የሚያስፈራ ሆነ።

ካፒቴኑ ያኔ ዞረ። ኢንሆን ከወለሉ አነሣው፣ ትከሻውን ያዘው፣ ነጎድጓድ በሚመስል ድምፅም እንዲህ አለ፦ «ልጄ ሆይ! ባሕር ከአፉ አውጥቶ በእጄ ላይ ያስቀመጠህን እኔ ማን ነኝና እመልስሃለሁ? ያቺ ጀልባህ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ከሆነ፣ ማንፑንግ ሦስታችንንም ይይዛል! ዛሬ አንድ ልጅ ፍለጋ ወጥቼ ሁለት ልጆች ይዤ ገባሁ!» ሴቶቹ ተላቀሱ፤ ዳሂም ሮጣ ወጣች…

እሺ። ይሄን ንግግር እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ጣሪያው እንዳይናድብኝ ነው የምናዘዘው። ሌላው ሁሉ እንደነገርኳችሁ ነው፤ ካፒቴን ታክ ማንሰክ ግን እንደዚህ ያለ ንግግር በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። እንዲያውም አልዞረም። ስክሪኑን እያየ በእርጥብ እጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ አንድ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፣ ሳያይ እየዳበሰ የኢንሆን ክንድ አገኘ፣ ከወለሉም አነሣው። ዓይኑን ከቀለሙ ሳይነቅል ልጁን ጠየቃት፦

«የእኔስ ለምን እንደዚህ አይሆንም?»